ዘንዶ ጠባቂዋን ይዤ ሸዋ ሮቢት

ሐሙስ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ላምበረት መናኸሪያ

ሰማዩ ገና አልነጋም፤ የረዳቶቹ ጉሮሮ ግን ከነጋ ቆይቷል። «ደብረ ብርሃን! ሸዋ ሮቢት! አጣዬ!» አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ ደረቴ ላይ አቅፌ፣ ሰው እንዳይገፋኝ በጎን በጎን እየሄድኩ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ።

«ወንድም፣ እንቁላል ነው ያቀፍከው?»

«ሴትዮ ናት» አልኩት።

«እንግዲያ እሷም ትክፈላ!» አለ፤ ተሳፋሪው ሳቀ።

እውነቴን ነው። ጣሳው ውስጥ በሽቦ ታስራ የቆመችው ከአውራ ጣቴ የማትረዝም የፕላስቲክ ሴትዮ ናት። ጓደኛዬ ፕላስቲክ እያቀለጠ ቅርጽ በሚሠራው ማተሚያ ማሽኑ አወጣት፤ እኔ ደግሞ ከሥራ መልስ፣ ጫፉ እንደ መርፌ በቀጠነ ብሩሽ ስቀባት ስድስት ሳምንት ሆነኝ። የተረት ዓለም ሰው ናት፤ ዘንዶ ጠባቂ። በአንድ እጇ ፋኖስ ይዛለች፤ ትከሻዋ ላይ ለእሷ ድመት የምታህል ዘንዶ ተጠቅልላ ተኝታለች። እሁድ አዲስ አበባ ውስጥ እንደ እኔ ትንንሽ ምስል የሚቀቡ ሰዎች ውድድር አለ። ሃያ ብንሞላ ነው፤ ቢሆንም ሰው ነኝና ማሸነፍ እፈልጋለሁ።

ዘንዶዋ አልቃለች። ካባዋ፣ ሽበቷ፣ የፋኖሱ ብርሃን ሳይቀር አልቋል። ፊቷ ግን የለም። ሦስት ጊዜ ቀባሁት፣ ሦስት ጊዜ ፋቅኩት። ዓይንም አፍም ነበረው፤ ሰው ግን አልነበረበትም። አራተኛውን ልጀምር ስል ትዝ ያሉኝ አክስቴ ዘሃራ ናቸው።

ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ቤታቸው አጣዬ ነበር። ከተማው ሲቃጠል ያላቸው ሁሉ አብሮ ነደደና ሸዋ ሮቢት ልጃቸው ሰዓዳ ዘንድ ገቡ። የቤተሰቡ ፎቶዎችም እዚያው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ሄጄ የጠየቅኳቸው አንዴ ብቻ ነው። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ አሁንም ቢሆን የምሄደው ልጠይቃቸው ሳይሆን ፊታቸውን ልዋስ ነው።

ሐሙስ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ደብረ ሲና

ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ጣት ይቆርጥ ነበር። ጋቢ ለባሹ ሁሉ ዓይኑን ብቻ አስቀርቶ ተጀቡኗል። የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ብቅ ስንል ከእግራችን ሥር ጉም፣ ከጉሙ ሥር ገደል፣ ከገደሉ ሥር ደግሞ ቆላው ተዘርግቶ ጠበቀን። ከጎኔ የተቀመጡ አዛውንት በየኩርባው «ያረቢ» ይላሉ፤ እኔ በየኩርባው ጣሳዬን ጥብቅ አደርጋለሁ።

ደብረ ሲና ላይ ስንቆም የቆሎ ሻጮች እጅ በየመስኮቱ ገባ። የገብስ ቆሎ፣ ሽምብራ፣ ሱፍ የተቀላቀለበት። አንዷ ጣሳዬን አይታ «አምጣው ልሙላልህ» አለችኝ።

«ሞልቷል።»

«በምን?»

ክዳኑን ገለጥ አድርጌ አሳየኋት። ጎንበስ ብላ አየችና «ውይ፣ ፊት የላትም እኮ!» ብላ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቆሎዬን ስትሰጠኝ አንድ እፍኝ መረቀችልኝ፤ ለሴትዮዋ መሆኑ ነው።

ሐሙስ፣ አምስት ሰዓት፣ ሸዋ ሮቢት

ከደብረ ሲና ቁልቁል ጋቢው በጉልበት ላይ ተጣጠፈ፣ ቀጥሎ ሹራቡ ወለቀ፣ ቀጥሎ መስኮቱ ተከፈተ። ሸዋ ሮቢት ስወርድ ሙቀቱ እንደ ዘመድ ተጠመጠመብኝ። ማንጎ፣ ፓፓያ፣ የሽንኩርት ጆንያ፣ ባጃጅ በባጃጅ ላይ። የእኔ ባለባጃጅ የሰዓዳን ሰፈር ስነግረው «የሰዓዳ እናት ቤት? እሳቸው ዘንድ የሚገባ ሰው አናቱን ሳይቀባ አይወጣም፤ እወቀው» ብሎ አስጠነቀቀኝ።

አልዋሸም። አክስቴ ከደጃፍ ላይ ተነሥተው፣ ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ እጄን ስመው ሳይጨርሱ ለጋ ቅቤ የያዘች ጣሳ ከጓዳ መጣች።

«እትዬ፣ ይቅርብኝ፣ ሸሚዜ...»

«ዝም በል! ከደጋ ወርዶ የመጣን ሰው አናት ያለ ቅቤ ሲያገኘው ይህ ፀሐይ ዝም ይለዋል?» አሉና እፍኝ ሙሉ መሐል አናቴ ላይ አኖሩት። ከእኩል ሰዓት በኋላ ቅቤው ጀርባዬ ደርሶ ነበር።

ዘንዶ ጠባቂዋን አውጥቼ መስኮቱ ላይ ሳቆማት ከሩቅ አዩዋት። ዓይናቸው ደክሟል፤ ቅርጿ እንጂ ሌላው አይታያቸውም።

«ደግሞ በፍርዱ ቀን፣ ምስል የሠራ ሁሉ ሲጠየቅ፣ ‹በል ነፍስ ዝራባት› ብትባል ምን ልትል ነው?»

«እትዬ፣ እኔ ፊቱን እንኳ መሥራት አቅቶኝ ነው፤ ነፍሱን ይተዉት።»

ሳቁ። የመጣሁበትን ጉዳይ ግን አልነገርኳቸውም።

ከሰዓት በኋላ ሥራ ጀመርኩ፤ ማለቴ ልጀምር ሞከርኩ። ደጋ የለመደ እጄ ጉድ ሆነ። ቀለሙ ከሳህኑ ፊቷ ጋ ሳይደርስ ብሩሹ ላይ ይደርቃል። የሰዓዳ ምክር ባይኖር በማግስቱ ተመልሼ ነበር።

«ሊጥ እንዳይደርቅ ምን ታደርጋለህ? እርጥብ ጨርቅ ነዋ!» አለችኝ። ሳህኑ ላይ እርጥብ ጨርቅ አነጠፈች፣ ቀለሙን በላዩ አደረግን፣ በርጩማዬን ከውኃው እንስራ ሥር አስጠጋችልኝ። እዚያች ቀዝቃዛ ጥግ ቀለሙም እኔም እፎይ አልን።

ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ

አክስቴ በሩ ላይ ተቀምጠው ማሾ ይለቅማሉ። እኔ እንስራው ሥር ሆኜ እሳቸውን አያለሁ። ስንት ዓመት አብሬያቸው ኖሬ ለካ በደንብ አይቻቸው አላውቅም። የግራ ዓይናቸው ቆብ ትንሽ ወረድ ያለ ነው። በጉንጫቸው ላይ ሁለት መስመር አለ፤ አንዱ የሳቅ ነው፣ ሁለተኛው ከአጣዬ ወዲህ የመጣ። ከንፈራቸው ክር በጥርሱ እንደያዘ ሰው ግጥም ይላል። ከማሾው ጠጠር በጣታቸው ዳሰው ሲያገኙ ደግሞ ትንሽ ልጅ ያጠፋ ይመስል ይገላምጡታል።

መጀመሪያ ጥቁር ቡናማ፣ ቀጥሎ ሳሳ ያለ ቀይ፣ ጫፍ ጫፉን ነጣ ማድረግ። የቀኝ ዓይን፤ ትንፋሽ ይዞ የግራ ዓይን። ዐሥር ሰዓት ሲሆን ብሩሼን አስቀመጥኩ። አሁን ፊቷ ላይ ሰው ነበረ።

ምስሏን እጃቸው ላይ አድርጌ፣ ስቀባ የምጠቀምበትን ማጉያ መነጽር ግንባራቸው ላይ አሰርኩላቸው። ምስሏን ወደ ዓይናቸው አቀረቡ፣ አራቁ፣ እንደገና አቀረቡ። ማሾው ከጭናቸው ላይ ፈሰሰ።

«እማዬ» አሉ።

ሰዓዳ ከጓዳው ብቅ አለች።

«እማዬ ናት እቺ። ከየት አገኘሃት? ፎቶዋ እኮ አጣዬ ነዷል!»

«እትዬ፣ ይህቺማ አንቱ...» ብዬ ስጀምር ሰዓዳ ከጓዳው በር ራሷን ነቀነቀችብኝ። ጎንበስ ብዬ የፈሰሰውን ማሾ ማፈስ ጀመርኩ። እናታቸው፣ ማለት አያቴ፣ አሊዩ አምባ ከተማ ሲሞቱ እኔ አልተወለድኩም፤ መልካቸውን አላውቀውም። አክስቴ ደግሞ የራሳቸውን ፊት የሚያውቁት ድሮ በነበረው ነው። ሰው ሲያረጅ እናቱ በፊቱ ላይ ተመልሳ ትመጣለች ለካ፤ የሚያያት ግን ሌላ ሰው ነው።

መነጽሩ ውስጥ እንባ ሞላ። «አላህ ይዘንላት። እንደዚሁ ነበር የምታይ፤ ስትቆጣም ስትወድም እንደዚሁ» እያሉ ምስሏን በመዳፋቸው ይዘው ተነሡ። የሚሄዱበትን ያወቅኩት የቅቤ ጣሳዋን ክዳን ድምፅ ስሰማ ነው።

«እትዬ! ቀለሙ!»

አልደረስኩም። በጠቋሚ ጣታቸው ጫፍ፣ ለሕፃን እንኳ በማይበቃ መጠን፣ መሐል አናቷን ቀብተዋት ነበር። «ከአሊዩ አምባ እዚህ ድረስ ስትመጣ ፀሐይ አይመታትም?» አሉኝ፤ ጥያቄ አልነበረም።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። ምስል ሲያልቅ ቀለሙን የሚጠብቅ ቫርኒሽ ይቀባል፤ ቅቤ ያለበት ላይ ቫርኒሽ አይይዝም። ያልያዘበት ደግሞ አቧራ ይሰበስባል፤ ዳኛ መጀመሪያ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ሁለት ቀን ቀርቶኝ ሳለ የስድስት ሳምንት ድካሜ አናት ላይ ቅቤ እየቀለጠ ነበር። አልተቆጣሁም። ቢያምርም ባያምርም፣ እንደዚያ ያለ ደስታ በፊታቸው ላይ አይቼ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ መመለሻ

አክስቴ እስከ መናኸሪያ ሸኙኝ። ጣሳውን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ሰጡኝ።

«ትመለሳለች አይደል?»

«ትመለሳለች፣ እትዬ።»

«አንተም?»

«እኔም።»

ደብረ ሲና ላይ ለጓደኛዬ ደውዬ የቅቤውን ነገር ነገርኩት። «በሳሙና እጠባት፣ ጸጉሯን እንደገና ቀባው፤ ማን ያውቃል?» አለኝ። ከሰዓት በኋላ ቤቴ ገብቼ ሳሙናውን በጥብጬ፣ ጥጥ እንጨት ላይ ጠቅልዬ ተቀመጥኩ። ጥጡን ወደ አናቷ አስጠጋሁ። በግራ ዓይኗ፣ ትንሽ ወረድ ባለው፣ ገላመጠችኝ። ሳሙናውን ደፋሁት፤ ቫርኒሹን ከነቅቤዋ ቀባኋት።

እሁድ፣ አዲስ አበባ

ዳኛው ማጉያውን አስጠግቶ ዘንዶዋን አየ፣ ፋኖሱን አየ፣ አናቷ ላይ ቆመ። «ቫርኒሹ አልያዘም። አቧራም አለው። ምን ነክቷት ነው?»

«ቅቤ።»

ቀና ብሎ አየኝና መልሶ ፊቷ ላይ ጎንበስ አለ። ሌሎቹ ላይ ከቆየው ይበልጥ እሷ ላይ ቆየ። ነጥቡን ግን ቀነሰ፤ ሥራው ነው። ሦስቱ አሸናፊዎች ሲጠሩ የእኔ ስም አልነበረም። ከፋኝ፤ አልዋሽም።

ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሸዋ ሮቢት ደወልኩ። ሰዓዳ ስልኩን ለእናቷ ሰጠቻቸው።

«እትዬ፣ አልተሳካልንም። አላሸነፍንም።»

«እሷስ?»

«እሷ ምን?»

«ደህና ናት ወይ? ፀሐይ አልመታትም?»

ጣሳውን ከፍቼ አየኋት። አናቷ ላይ ቅቤው አሁንም ያበራል።

«አልመታትም፣ እትዬ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «በል፣ አምጣት።»