የአጎቴ አውሮፕላን ሞተር

ቡራዩ መንገድ ላይ አንድ ሞተር ሳይክል ነጭ ጭሱን ለቆብኝ ሲያልፍ፣ ልጅ ሆኜ ያደግኩበት የሱሉልታው ግቢያችን ፊቴ ድቅን አለ። አንድ ቀን አጎቴ ራሱ የሠራትን፣ በእጅ የምትያዝ ትንሽ የሞዴል አውሮፕላን ይዞ መጥቶ ነበር። ሞተሯ ያንኑ ነጭ ጭስ እየለቀቀች ትነሳና ወዲያው ትጠፋለች።

«ነዳጅ በዝቶባታል!» አለ አባቴ።

«አንሷት ነው እንጂ!» አጎቴ መፍቻውን ከአባቴ እጅ ነጠቀው።

በቀጭኑ የነዳጅ ቱቦ ውስጥ አረፋ ሲሄድ አየሁ። «አባዬ፣ ቱቦው አየር ያስገባል» አልኩ።

«አንቺ ዝም በይ!» ጮኹብኝ ሁለቱም።

«አንተ የነካኸው መቼ ይተርፋል?» አለው አጎቴ፤ «ታደሰንም እንዲሁ አውቃለሁ ብለህ ነው የገደልከው።»

አባቴ አውሮፕላኗን አንስቶ ድንጋይ ላይ ፈጠፈጣት።

ታደሰ ታናሽ ወንድማቸው እንደነበረና አባቴ የጠገነው መኪና ፍሬን እምቢ ብሎት እንደሞተ የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። አጎቴ ዘንድሮ ሲቀበር አባቴ ከቤቱ ንቅንቅ አላለም።