ዶንግሉን ሲዲ ነው ያለው ኮምፒውተር

ኩልመስክ ከተማ ሒሳብ እንዳስተምር በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት ትምህርት ቤታችን ስድስት ኮምፒውተሮች በልገሳ አገኘ። የተጫነባቸው የለመድነው ዊንዶውስ ሳይሆን ሊኑክስ ነበር። አብሮ የመጣው ደብዳቤ ግልጽ ነው፤ በወሩ መጨረሻ ዓርብ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሆኖ ከእነዚሁ ኮምፒውተሮች በአንዱ የተላከ ኢሜይል ለለጋሾቹ ካልደረሳቸው ኮምፒውተሮቹ ኮን ከተማ ላለ ትምህርት ቤት ይሰጣሉ።

ስብሰባ ላይ ማን ይሥራው ሲባል ሁሉም ደብተሩ ላይ አቀረቀረ። እኔ ስብሰባ ላይ አፌን ከፍቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን ዩኒቨርሲቲ የወሰድኳቸውን ሁለት የኮምፒውተር ኮርሶች አስቤ «ልሞክረው» አልኩ። ርዕሰ መምህሩ ቃለ ጉባኤው ላይ «እሠራዋለሁ ብላለች» ብለው አስጻፉ። ላርማቸው አፈርኩ።

ወደ ኢንተርኔት የሚያስገባን ከኮምፒውተሮቹ ጋር የመጣ አንድ ዶንግል ብቻ ነበር፤ አውራ ጣት የሚያህል፣ ሲም ካርድ የሚገባበት። ማሸጊያው ላይ ሊኑክስ የሚል የለም። ስሰካው ኮምፒውተሩ ሲዲ ነው አለኝ። ነቅዬ ሰካሁት፤ ሲዲ። ሌላው ኮምፒውተር ላይ ሞከርኩት፤ ሲዲ። ዶንግሉንና ኮምፒውተሩን የሚያግባባ ፕሮግራም ያስፈልግ ነበር፤ እሱ የሚገኘው ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ነው።

ቅዳሜ ላሊበላ ሄጄ፣ ኢንተርኔት ቤት ወረፋ ጠብቄ፣ ፕሮግራሙን በፍላሽ ይዤ ተመለስኩ። ስጭነው ሌላ ፕሮግራም ጠየቀኝ። በሳምንቱ እሱን ፍለጋ ተመልሼ ሄድኩ፤ ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ ዝርዝሩን ሳየው እሱም ሌላ ይፈልጋል። ስመለስ መኪናው ውስጥ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጥዬ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው እግዚአብሔር ያጽናሽ አሉኝ። አሜን አልኩ።

ሰኞ ርዕሰ መምህሩ ቢሯቸው ጠርተውኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ለምን ላሊበላ ሆነሽ አትልኪውም? ከዚህ ነው ብትዪ ማን ያይሻል?»

እሺ ልል ትንሽ ነበር የቀረኝ። ግን ደብዳቤው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ተማሪዎቹ አንብበውታል፤ ዋሽቼ ባስቀረሁት ኮምፒውተር ሳስተምራቸው አልታየኝም።

ሦስተኛው ቅዳሜ ኢንተርኔት ላይ የማላውቀው ሰው የጻፈው ነገር አገኘሁ። ዶንግሉ ራሱን መጀመሪያ እንደ ሲዲ ያቀርባል፤ ሲዲው እንዲወጣ ሲታዘዝ ብቻ ዶንግልነቱ ይታወቃል ይላል። የኢንተርኔት ቤቱ ማተሚያ ቀለም ስላልነበረው ትእዛዞቹን ሰረዙንና ክፍት ቦታውን ሳይቀር እየቆጠርኩ ደብተሬ ላይ ገለበጥኩ።

ከሰኞ ጀምሮ መብራት ጠፋ። ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። የክፍሉ ቁልፍ ያለው እትዬ ከምንላቸው የንብረት ክፍል ኃላፊ ዘንድ ስለነበር በሩ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ጠረጴዛው ሥር ገብቼ ዶንግሉን ስሰካ አይተው፣ «ልጄ፣ ይኼ ዕቃ ታቦት ነው እንዴ፣ ስትሰግጂለት የምትውዪው?» አሉኝ።

ትእዛዞቹን ጻፍኩ። የዶንግሉ መብራት ከቀይ ወደ አረንጓዴ ተለወጠ። እትዬ እልል ሊሉ ሲሉ እንዲቆዩኝ በእጄ ለመንኳቸው። የኢሜይሉ ገጽ አልከፈት አለ። የገጹ ማንነት አይታመንም የሚል ማስጠንቀቂያ ብቻ ያወጣል። ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ ሁሉንም እንደ አዲስ ጻፍኩ። አሥር ሰዓት ተኩል ሆነ። ፊደል መሳት ጀመርኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ርዕሰ መምህሩ መጥተው ከኋላዬ ቆሙ፤ ሰዓታቸውን አይተው ሄዱ።

ልዘጋው ስል ዓይኔ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው ቀን ላይ አረፈ። የእኛው ቀን ነበር። ርዕሰ መምህሩ ደብዳቤ ሲጽፉ የፈረንጅ ቀን እየወጣ ቢያስቸግራቸው፣ ዓመቱንም ወሩንም በእኛ አቆጣጠር ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ በስድስቱም ላይ፣ ተጠንቅቄ። ገጹ እንደ መታወቂያ የሚያሳየው ነገር የተሰጠበት ቀን አለው፤ ለእኛ ኮምፒውተር ያ ቀን ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል።

ቀኑን ቀየርኩ። ገጹ ተከፈተ። ኢሜይሉ በአሥራ አንድ ሰዓት ሳይሆን በአሥራ አንድ ከሃያ ደረሰ።

ሰኞ ርዕሰ መምህሩ ለለጋሾቹ ደወሉላቸው። ደርሶናል፣ ግን ዝርዝሩ በሰዓቱ ተዘግቷል አሏቸው። እሳቸውም አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ኮምፒውተሮቹን ወደ ኮን የሚወስደው መኪና በሚመጣበት ጠዋት ቀደም ብዬ ገብቼ በቀሩት አምስቱም ላይ ቀኑን አስተካከልኩ። ከዚያ አሠራሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በንጹሕ ወረቀት ጻፍኩት። እትዬ ካርቶን እያሰሩ ያዩኛል።

«ለወሰዱብሽ ደግሞ ትጽፊላቸዋለሽ?»

«እዚያም የሚሞክር አስተማሪ ይኖራል ብዬ ነው፣ እትዬ።»

ወረቀቱን ተቀብለው ከዶንግሉ ጋር ካርቶኑ ውስጥ አስገቡና ሲባጎውን ሁለት ጊዜ ቋጠሩት። እኔ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ስለነበረኝ ጠመኔዬን ይዤ ወጣሁ።