ዳማን ቤት ለማስገባት፦ ከጎባ እስከ ሶፍ ዑመር

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ጎባ

ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልተነሣም። የሾፌሩ የጌታሁን ላንድሮቨር ሦስት ጊዜ አጓርቶ በአራተኛው እሺ አለ። ከኋላ ሸራው ሥር ሦስት መንገደኞች ይዣለሁ፤ ዳማ የምትባል እናት ውሻና ሁለት ቡችሎቿ።

ዳማን ያገኘኋት ከአራት ወር በፊት፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ መኪና ገጭቷት ነው። እግሯን በክፍል ማስመሪያ አስሬ አስታመምኳት። ብትድንም አነከሰች፤ ሳይውል ሳያድርም አልጋዬ ሥር ወለደች። አከራዬ ከእንግዲህ በግቢዬ ውሻ አላይም ብለዋል። ቀበሌያችን ስብሰባ ላይ ደግሞ፣ ከሰኞ ጀምሮ ባለቤት የሌለው ውሻ ሁሉ ይገደላል ተብሎ ተነግሮናል።

ለቡችሎቹ ፈላጊ አላጣሁም። ለዳማ የተገኘው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የባልደረባዬ የሐዋ አባት፣ የሶፍ ዑመሩ ኦቦ ከድር። ዝንጀሮ ማሽላቸውን እየጨረሰባቸው ውሻ ይፈልጋሉ። ሐዋን፣ ዳማ አንካሳ መሆኗን ለአባትሽ ንገሪ አላልኳትም። እምቢ እንዳይሉ ፈርቼ ነው።

አንድ ሰዓት፣ ሮቤ መግቢያ

ኬላው ላይ ጥበቃው የይለፍ ወረቀቴን ደጋግሞ አነበበ። የቀበሌያችን ፀሐፊ ቀልድ የማይጠግብ ሰው ነው፤ "የጉዞው ምክንያት" በሚለው ቦታ ላይ "ቤተሰብ ለማድረስ" ብሎ ጽፎ ማኅተም መትቶበታል።

"ቤተሰብዎ የታሉ?" አለኝ ጥበቃው።

በጣቴ ወደ ኋላ አሳየሁት። ሸራውን ገለጠ። ዳማ ቀና ብላ አየችው። ጌታሁን መሪውን ጨብጦ ፊቱን ወደ ስንዴው ማሳ አዞረ፤ ሳቁን መዋጡ ነው።

"ታላቋ ይቺ ናት?" አለ ጥበቃው ረጋ ብሎ።

"እናትየዋ ናት።"

ሸራውን መልሶ በወጉ አለበሰላቸውና የኬላውን ገመድ አነሣልን።

ሁለት ሰዓት፣ ሮቤ

ወይዘሮ በላይነሽ ወፍጮ ቤት አላቸው። ጥቁሩን ቡችላ ተቀብለው መሬት ላይ እንዳኖሩት ከወንፊቱ ሥር ገባ። ሲወጣ ነጭ ሆኗል።

"ስሙ ማነው?"

"እስካሁን የለውም።"

"እንግዲያስ ዱቄቴ ይባላል" አሉና ጉዳዩ ተዘጋ። እህል ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶች ወረፋቸውን ረስተው ይቀባበሉት ጀመር። ሻይ በሃያ አምስት ሳንቲም ጠጥተን ወጣን። ዳማ አንዴ ብቻ ዞራ አየች። እኔ ብዙ ጊዜ ዞሬያለሁ።

አምስት ሰዓት፣ ጎሮ አጠገብ

አቧራው ከመስኮት በላይ ነው። የአካባቢው ሰዎች በመንደር ምሥረታው ከየኮረብታው ወርደው በአዲሱ መንደር ከሰፈሩ ዓመት አልሞላቸውም። ቤቶቹ በገመድ ተለክተው ተደርድረዋል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። አዴ ፋጤ የሚባሉ እናት ቡናማዋን ቡችላ ተቀብለው ከደጃቸው ላይ አስረው ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው ተመለከቱ።

"ባለቤቴ ከገበያ ሲመለስ ሁለት ጊዜ ጎረቤት ቤት ገብቷል" አሉኝ። "አሁን ውሻ ያለበት ቤት የኛ ነው።"

ባላቸው ከጓሮ ሆነው፣ "አንድ ጊዜ ነው" አሉ።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ሶፍ ዑመር

ሙቀት። ከዋሻው በሚወጣው ወንዝ ዳር ማሽላው ቆሟል። ኦቦ ከድር በከዘራ ተደግፈው ወጡ።

"አካም ጅርተኒ፣ ደኅና መጣችሁ ልጄ።"

"ደኅና ነዎት ኦቦ ከድር? ዳማ ይቺ ናት።"

ዳማ ወርዳ እያነከሰች ወደሳቸው ሄደችና እጃቸውን ልታሸት አፍንጫዋን ዘረጋች። እጃቸውን ሰብስበው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። አንካሳነቷን አይተው የተጠየፏት መሰለኝ። አንድም ነገር ሳልጠይቅ፣ "ግድ የለም፣ ይዣት እመለሳለሁ" ብዬ ገመዱን ሳብኩ። የሰኞው ግድያ ትዝ አለኝ።

"ወዴት ነው?" አሉ ኦቦ ከድር ግራ ገብቷቸው። "ውዱእ አድርጌያለሁ ልጄ። ውሻ ከላሰኝ እንደገና መታጠብ ሊሆንብኝ ነው፣ ሶላቱም ደርሷል። ነይ ቤቷን እዪ።"

ከማሽላው ዳር በሣር የተከደነች ትንሽ ጎጆ ቆማለች። ደጃፏ ላይ ለሷ ብቻ ተብሎ ከእንጨት የተቦረቦረ አዲስ ገንዳ ወተት ሞልቶበታል። የጎጆዋ ደፍ እንኳ ተነሥቶላታል፤ እግር ማንሣት እንዳይቸግራት።

"እግሯን... ማን ነገርዎት?"

"ሐዋ ናታ። እኔ የጠየቅኳት መጮህ ትችላለች ወይ ብዬ ብቻ ነው። መሮጡን እኔስ መች እችላለሁ?" ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ። "ኮቱ ዳማ፣ ነይ ጠጪ።"

ጠጣች። አፈርኩ፤ ደስም አለኝ፤ ሁለቱም አንድ ላይ።

እሑድ፣ አንድ ሰዓት ተኩል

እነኦቦ ከድር ቤት አድረን፣ ልሰናበታት በማሽላው ጀርባ በኩል ሄድኩ። ዳማ ከጎጆዋ ተወርውራ ወጥታ ጮኸችብኝ። ከአልጋዬ ሥር ያደረችው፣ አንድም ቀን ጮኻብኝ የማታውቀው ዳማ። ደንግጬ ቆምኩ። ድምፄን ስትሰማ ጅራቷን እየቆላች መጣች፤ እጄን ላሰች፤ ከዚያ ወደ ማሳው ዳር ተመልሳ ተቀመጠች።

ኦቦ ከድር ከማዶ ሆነው፣ "ሥራ ይዛለች፣ አትቀየሚያት" አሉኝ።

አልተቀየምኩም። እያለቀስኩ የሳቅኩት ጌታሁን ፊት ስለነበር እስከ ጎባ ድረስ ሲያሾፍብኝ መጣ።

ሰኞ፣ ሁለት ሰዓት፣ ጎባ

የይለፍ ወረቀቱን ልመልስ ቀበሌ ገባሁ። ፀሐፊው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝ።

"ቤተሰቡ ደረሰ?"

"ሁሉም ቤቱ ገብቷል" አልኩት። በወረቀቱ ጀርባ ላይ "በሰላም ደርሰዋል" ብሎ ጻፈበትና ማኅተም መታበት።