ጨፌውን የተካፈልን ለት

ፎገራ ውስጥ ጭቃ ላይ እንደኔ የሚራመድ የለም። ይኸን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ በርግጥ ለመኩራራትም ነው። ከትምህርት ጋር ግን አልተስማማንም። ፊደሉ እኔን ሳያውቀኝ፣ እኔም እሱን ሳላውቀው ተለያየን።

አንዲት ዶክተር ከዩኒቨርሲቲ መጥታ የጨፌያችንን ውሃና ወፍ ላጥና ስትል ቀበሌውን መንገድ መሪ ጠየቀች። ሁሉም ወደ እኔ ጠቆመ። እኔ በእውቀቴ ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ፤ ለካ ሌላው ሰው ሥራ ስለነበረው ነው።

የመጀመሪያው ለት ቦርሳዋን ተሸክሜ ፊት ፊት ወጣሁ።

«ዶክተር፣ እኔ የረገጥሁትን ብቻ እየረገጡ ይከተሉኝ» አልኋት።

ወዲያው እስከ ወገቤ ሰመጥሁ። ቆማ አየችኝና፣ «እሱንም ልርገጠው?» አለችኝ።

ስትጎትተኝ እየሳቀች፣ «በል አንቺ በለኝ፤ እዚህ ጭቃ ውስጥ ተያይተን ምን አንቱታ አለ» አለች። ከዚያ ወዲህ አንተ አንቺ ተባባልን።

ሥራዋ እንዲህ ነበር፦ ቁጥር የተጻፈበት ብረት ውሃው ውስጥ ተክላ ምን ያህል እንደጎደለ ታያለች፣ ውሃ በብልቃጥ ትቀዳለች፣ ከዚያ ቄጤማው ውስጥ በሆዷ ተኝታ በርቀት መነጽር ወፍ ትቆጥራለች። እኔ አጠገቧ እተኛለሁ፣ ትንፍሽ ማለት የለም። እናቴ ስንት ዘመን ለፍታ ያቃታትን ዝምታ አስተማረችኝ። የምትፈልገው እኛ ባለ ጉትዬ የምንለውን ወፍ ነበር፤ እግሩ ረዥም፣ ራሱ ላይ ወርቅ የመሰለ ጉትዬ ያለው። ክረምት ላይ ጨፌው መሐል፣ ውሃው ከማይደርቅበት ቦታ ጎጆ ሠርተው አገኘናቸው። እናት ወፏ እንቁላሏን በመንቁሯ ስታገላብጥ ዶክተሯ መነጽሩን ሰጠችኝ። ወፍ ስትባል ሩዝ የምትበላ ሌባ ብቻ ትመስለኝ ነበር። ያን ለት ግን ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

በጋው ገባና ወሬው መጣ። የጋራ ግጦሽ የነበረው ጨፌ መሬት ለሌላቸው ወጣቶች ሊከፋፈል ነው። መሬት የለሽ ከተባለ ደግሞ እኔ አለሁ። አባቴ የነበረችውን ቁራሽ ለወንድሞቼ ሸንሽኖ ሲጨርስ እኔ ጋ ሲደርስ የቀረው ምርቃት ነበር። መሬት ከሌለህ ደግሞ ልጁን የሚሰጥህ የለም፤ እኔም ዓይኔን የጣልሁባት ልጅ ነበረች።

ዶክተሯ ክፍፍሉን አልተቃወመችም። «ዳር ዳሩን እረሱት፤ መሐሏን ብቻ ተዉልኝ። እሷ ከታረሰች ወፎቹ መራቢያ የላቸውም» ነው የምትለው። ችግሩ ሩዝ የሚወደውም ያችኑ መሐል መሆኑ ነው። ስብሰባው ላይ እንድትናገር ፈቀዱላት። ዋዜማውን እኔን አማከረችኝ።

«ከዕጣው በፊት ልናገር ወይስ በኋላ?»

እኔ ደግሞ የማላውቀው ነገር የለም። «በፊት ከተናገርሽ ወፍ ከሰው አስበለጠች ይሉሻል። ይልቅ ዕጣውን ራስሽ ጣይላቸው። ባዳ ነሽ፣ አታዳይም። ሰው በእጅሽ መሬት ሲያገኝ ይወድሻል። ያኔ መሐሏን ተዉልኝ ብትይ ማን እምቢ ይልሻል? በእኔ ይሁንብሽ!»

ዕጣ እኛ ዘንድ እንዲህ ነው። መሬቱ በችካል ይከፈላል። ሁሉም ሰው እጁ የገባውን ትንሽ ነገር ያዋጣል፤ ስንጥር፣ ጠጠር፣ የፍየል በጠጥ። የማን ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው በየችካሉ ሥር አንዳንድ ይጥላል። ዕቃህ የወደቀበት መሬት ያንተ ነው።

በማግስቱ ሰው ተሰብስቦ ጣይ ሲፈለግ ብድግ ብዬ፣ «ዶክተሯ ትጣል!» አልሁ።

ዳኛ የተባሉት ሽማግሌ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አንተ ለፍላፊ፣ ዛሬስ ከአፍህ ቁም ነገር ወጣ» አሉ። ከዚያ ለት በፊትም በኋላም አመስግነውኝ አያውቁም።

እኔ የኮቴን ቁልፍ በጥሼ አዋጣሁ። ሽማግሌው ዕቃውን በባርኔጣቸው ሰብስበው ሰጧት። ጫማዋን አውልቃ፣ ሱሪዋን ጠቅልላ ከችካል ችካል እየዞረች ጣለች። መሐሏ ላይ ስትደርስ ቆመች። ቆይታ እጇን ባርኔጣው ውስጥ ሰደደች።

«ቁልፍ ነው!» ብሎ አንዱ ጮኸ። «የማን ነው?»

«የኔ!» አልሁና ዘለልሁ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። የፎገራ ምርጥ የሩዝ መሬት የኔ ሆነ። ወፎቹ ያን ጊዜ ትዝ አላሉኝም።

ዶክተሯ ባርኔጣውን መልሳ፣ «አባቶቼ፣ አንዲት ልመና አለችኝ፤ መሐሏን...» ብላ ጀመረች።

ሽማግሌው ተነሡ። በቁጣ አልነበረም። «ልጄ፣ ከዕጣው በፊት ብትናገሪ እንሰማሽ ነበር። ሙግት ከዕጣ በፊት ነው። ዕጣ ከወደቀ ወዲያ ያነሣው የለም። ደግሞ የጣልሽው አንቺ ነሽ፤ የገዛ እጅሽን ልትሽሪ ነው?»

ከኋላ አንዱ፣ «የወፎቹን ቤት ራሷ አከፋፍላ!» አለና ሰው ሁሉ ሳቀ። ቀልዱ ጥሩ ነበር። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

ወደ ወረታ ስንመለስ፣ «ወጉን ታውቃለህ ብዬ እኮ ነው» አለችኝ።

ዕጣ ሲጣል ዛፍ ላይ ወጥቼ አይቻለሁ። ሲሟገቱ ግን ተቀምጬ አላውቅም። መሬት የሌለው ሰው ምን ሊሟገት ይሄዳል?

«የኔን አላርሰውም» አልኋት።

«ሩዝህስ?»

«የሰው መሬት በእኩል አርሳለሁ። መሐሏ ለባለ ጉትዬዎቹ ትሁን።»

ቃሌን ጠበቅሁ። ሰው «ሣር አራሹ» አለኝ። «እንቁላሉ መቼ ይደርሳል?» እያለ ሲያሾፍብኝ እኔም፣ «ለፋሲካ፣ ለናንተ ግን አልሸጥም» እላለሁ። ልታገባኝ የነበረችው ልጅ አባት መሬቱን ሊያዩ መጡ። ሣሩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ «ይባርክህ» ብለው ሄዱ። ልጅቷ ሐሙሲት ተዳረች። በሰርጓ ሰሞን ስቀልድ ነበር የከረምሁ፤ ምን እንዳልሁ ግን አንዱም ትዝ አይለኝም።

ይኸም ሁሉ ሆኖ ለወፎቹ አልበጀም። ጎረቤቶቼ ዙሪያውን አርሰው ቦይ ቆፈሩ፣ ውሃው በዚያው ሄደ። የኔዋ መሐል፣ አፍ ውስጥ ብቻዋን እንደቀረች ጥርስ ሆነች። በመጀመሪያው ክረምት ባለ ጉትዬዎቹ መጡ፤ ከላይ እየጮኹ ዞሩ፣ ዞሩ፣ ሳያርፉ ሄዱ። በሚቀጥለው ክረምት ጭራሽ አልመጡም።

ዘንድሮ ዝናቡ ሲጀምር ዶክተሯ መጣች። ብረቷን ተከለች፣ አየችው፣ ነቀለችው።

«እረሰው» አለችኝ።

«ምኑን?»

«መሐሏን። ውሃው ሄዷል፤ ውሃ ከሌለ አይመጡም። አንተም ትራባለህ።»

እሟገታታለሁ ብዬ ነበር። የወንድሜን በሬዎች ለምኜ አመጣሁና ጠመድሁ። እሷ ዱላ ይዛ ከበሬዎቹ ፊት ገባች፤ ምናልባት አንድ እንቁላል ይኖር እንደሆነ ብላ ሣሩን እየገለጠች። ባጎነበሰች ቁጥር በሬዎቹን ያዝ አደርጋለሁ፣ ጅራፌን ዝቅ አደርጋለሁ፣ «ቁም!» እንድትለኝ እጠብቃለሁ። እሷ ግን ቀና ትልና በእጇ ና ትለኛለች። እንዲህ እያልን ዳር ደረስን።