የረከሰው የሽጉጥ ፈቃድ

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት ገና ሳይነጋ ነው። አጎቴ ጋሽ ተፈራ ደውለው፣ «የሽጉጥ ፈቃድ ክፍያ ቀንሷል። የወንድሜን ሽጉጥ በስሜ ላዙረው ነው፤ ወራሹ አንተ ካልፈረምክ አይሆንም» ብለውኝ ነበር። አባቴ ካረፈ ወዲህ ያደግሁበትን የአንኮበርን አገር አላየሁትም።

የደብረ ብርሃን ብርድ እንደ ድሮው ጆሮ ይቆነጥጣል። እንቁላል ፍርፍር በልቼ የጎረቤላን ሚኒባስ ያዝኩ። ረዳቱ ከታሪፉ በላይ ሊያስከፍለን ሲል አንድ ሽማግሌ ተቆጥተው አስመለሱልን። አንኮበር አፋፍ ላይ ጉሙ ሲገለጥ ቆላው ከታች ተዘረጋ። አባቴ ከአሊዩ አምባ ገበያ የሚመለሰው በዚህ ዳገት ነበር፤ ጋቢውን ደርቦ፣ ሽጉጡን ከወገቡ ሸጉጦ። ሲተኩስበት አይቼ አላውቅም። ማታ ቀበቶውን ሲፈታ የሚሸተኝ የቆዳና የዘይት ሽታ ግን ለእኔ «አባባ ገብቷል» ማለት ነበር።

ጋሽ ተፈራ የሚኖሩት ከጎረቤላ ወዲያ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ባለቤታቸውን እትዬ በላይነሽን ውኃ አዝለው ዳገቱን ሲወጡ አገኘኋቸውና ጀሪካኑን ተቀበልኳቸው። «ቧንቧው ተሰብሮ ነው ልጄ። ዘንድሮ ይጠገናል ብለውናል» አሉኝ።

ቢሮው

በማግስቱ ጋሽ ተፈራ ሽጉጡን በፎጣ ጠቅልለው፣ በግ ሸጠው ያገኙትን ገንዘብ ይዘው ፈቃድ ወደሚሰጠው የወረዳው ቢሮ ሄድን። ሰልፉ ከግቢው ወጥቷል። ገንዘብ ያዧ ወይዘሮ አስቴር ብሩን አይታ፣ «ይሄ ሁሉ አያስፈልግም አባቴ፤ ግማሹ ይበቃል» አለቻቸው።

«ሰዉ ሲበዛ ገቢያችሁም በዝቷላ?» አልኳት።

«እኛም እንደዚያ ብለን ነበር። ምርመራው፣ ምዝገባው፣ መታወቂያው ወጪ አለው። አዲሱ ክፍያ ያንን እንኳ አይሸፍንም። የጎደለውን ከወረዳው የጥገና በጀት ነው የሞላነው።»

«የምኑ ጥገና?» አሉ ጋሽ ተፈራ።

«የውኃው።»

ከኋላችን የቆሙት የአሊዩ አምባው ሐጂ ሰይድ፣ «ላ ኢላሃ ኢለላህ! የሽጉጣችንን የሚከፍለው የሴቶቻችን ጀርባ ነዋ!» አሉ።

ጋሽ ተፈራ ፎጣውን ገልጠው ሽጉጡን ሲያዩት ቆዩ። «ልጄ፣ ይሄን ለመንግሥት አስረክቤ ብሩን ለውኃው ብሰጥ ትቀየመኛለህ?»

«አልቀየምም» አልኩ። ተቀይሜ ግን ነበር። እንደዚያም ሆኖ የማስረከቢያውን ወረቀት ፈረምኩ፤ ጋሽ ተፈራም ብሩን ቧንቧውን ለሚያስጠግነው የውኃ ኮሚቴ ሰጡ።

ሐጂ ሰይድ ፈቃዳቸውን አወጡ፤ ከክፍያው የተረፋቸውን ለውኃ ኮሚቴው ሰጡ። ሌላው ሰው ከፍሎ መንገዱን ቀጠለ። የተገኘው ለጥገናው አይበቃም፤ ኮሚቴው ግን ሥራውን ለመጀመር ወሰነ።

እትዬ በላይነሽ ሲሰሙ፣ «አበስኩ ገበርኩ! የወንድምዎን ሽጉጥ? ለእኔ ብለው?» አሉ።

«ለወገብሽ» አሉ ጋሽ ተፈራ፤ እትዬ በላይነሽም ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ቅያሜዬ ያኔ ለቀቀኝ።

ወደ አዲስ አበባ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት፣ አንድ ክፍያ ሲረክስ ልዩነቱ ሄዶ የሚያርፍበት ትከሻ እንዳለ ነበር። ቤት ስገባ ባለቤቴ ሁሉንም ሰምታ፣ «ታዲያ ከአባትህ ምን ቀረህ?» አለችኝ።

«ወንድሙ» አልኳት።