ይቅርብኝ ያልኩ ዕለት

አማርኛ የተማርኩት ከአማቴ አፍ ነው። ባሌ ባቡር ጣቢያ ዕቃ ሲጭንና ሲያወርድ ውሎ ሲመጣ የሚያናግረኝ በኦሮምኛ ነበር። ያገኘኝም በዚያው ቋንቋ ነው፤ ባቡሩ ወለንጪቲ ሲቆም፣ ከእናቴ ጋር ወተት ስሸጥ። "ወተትሽ ውሃ አለው" ብሎ ለከፈኝ። "ውሃ ያለው የአንተ ዓይን ነው" አልኩት። በዚያው ተያይዘን ቀረን።

ወላጆቼ ከብት አርቢዎች ናቸው፤ የሚለምኑት ዋቃን ነው። እኔ ክርስትና የተነሳሁት ልዳር ስል፣ አዳማ መጥቼ ነው። ከታቀፉ ሕፃናት መሀል ያን የሚያህል ቁመቴን ይዤ ስቆም ሳቄ አመለጠኝና የክርስትና እናቴ ቆነጠጡኝ። ማተቡ አንገቴ ላይ ሲታሰር ግን አልሳቅኩም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የምመኘው ነገር ቢኖር ጥሩ ክርስቲያን መሆን ነበር። እንዴት እንደሚኮን ግን የነገረኝ ሰው የለም። ስለዚህ አማቴን እያየሁ ልማር አልኩ።

አማቴ የቡልጋ ሰው ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ብዙ የማይናገሩ። ከቤታችን ጀርባ የራሳቸው ጎጆ ነበራቸው። ጠዋትና ማታ የሠራሁትን ይዤ እገባለሁ፤ ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ አቀርባለሁ። እሳቸውም ምግቡን ሳይነኩ "ይቅርብኝ ልጄ" ይሉኛል። ድምፃቸው ላይ ቁጣ የለም። እኔ ሞኟ "ልጄ" የምትለዋን ሰምቼ ደስ ብሎኝ እመለሳለሁ።

ወይ የኔ ነገር! እኔ እኮ ጾመኛ መስለውኝ ነው። ማታ ማታ ብቻቸውን ቆሎ ሲቆረጥሙ እሰማ ነበርና ለእግዚአብሔር ብለው በቆሎ ብቻ የሚኖሩ መሰለኝ። "ይቅርብኝ" ማለትም ጨዋ ሰው አንድን ነገር ለፈጣሪው ብሎ ሲተው የሚናገረው የተከበረ ቃል ነው አልኩ። ዝም ብዬ ብተወው ምናለ? ውሃ ስቀዳ ለማገኛት ሴት ሁሉ "የእኔ አማት እኮ ቅድስት ናቸው! ከተዳርኩ ጀምሮ ከእጄ እህል አልቀመሱም!" እያልኩ አወራሁ። ሴቶቹ ይተያያሉ፤ አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርጋለች። ምቀኞች እላቸው ነበር በሆዴ። አሁን ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል።

በዐቢይ ጾም አማቴ ታመሙ። ሳሉ ሌሊትና ቀን አላስተኛ አላቸው። ሻል ሲላቸው "ሳልቆርብ እንዳልሞት፣ ለትንሣኤ ልቁረብ" አሉ። ሌላ የሚያስጨንቃቸው ነገር አልነበረም። ልጃቸውንም እኔንም ያስጨነቁን በዚሁ ነበር። የነፍስ አባታቸው ተጠርተው መጡ። ቄሱ በራችን ላይ አረፍ ብለው ውሃ ስሰጣቸው "አማትሽ እህል ይበላሉ?" ብለው ጠየቁኝ።

"አባቴ፣ እሳቸው ጾመኛ ናቸው" አልኩ ደረቴን ነፍቼ። "ከእኔ እጅ አንድ ቀን በልተው አያውቁም።"

"ምን ይሉሻል ስትሰጫቸው?"

"ይቅርብኝ ይሉኛል።"

ቄሱ ውሃውን ሳይጨርሱ ብድግ ብለው ወደ ጎጆው ገቡ። ውስጥ የተባባሉትን አልሰማሁም። በኋላ እንደተነገረኝ "የተጠመቀችን ልጅ እጅ ተጸይፈሽ ሥጋ ወደሙን በምን አፍሽ ልትቀበዪ ነው? ሄደሽ ታረቂ፤ አለዚያ አላቆርብሽም" ብለዋቸው ኖሯል። አማቴም "የትናንት ክርስቲያን ናት" ብለው ሊከራከሩ ሞክረው፣ ቄሱ "ማተብ ትናንትና ዛሬ የለውም" አሏቸው። እኔ ይህ ሁሉ ሲሆን ውጪ ቆሜ፣ አማቴን ለቄሱ በማመስገኔ ራሴን አደንቃለሁ።

ጸሎተ ሐሙስ ዕለት እኔና የክርስትና እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ባሌ ጣቢያ ሥራ ስለነበረው አልመጣም። ቢመጣ ኖሮ በኦሮምኛ ሹክ ይለኝና ከዚያ ሁሉ ጉድ እተርፍ ነበር። ሕዝቡ እግሩን ታጥቦ ግራሩ ሥር እንደተሰበሰበ፣ አማቴ ከቅጥሩ በር በኩል ሲመጡ አየሁ። አንገታቸው ላይ ጥቁር ድንጋይ ተሸክመዋል። የአዳማ ነፋስ ነጠላቸውን ያርገበግበዋል፤ እሳቸው አቀርቅረው ቀጥታ ወደ እኔ ይመጣሉ።

ምን ሆኑብኝ ብዬ ደነገጥኩ። በእኛ አገር ለዕርቅ እርጥብ ሣር ይያዛል እንጂ ድንጋይ የሚሸከም ሰው አይቼ አላውቅም። እፊቴ ሲደርሱ በጉልበታቸው ተንበረከኩ። ያን የሚያክሉ ትልቅ ሴት፣ እኔ እግር ሥር!

"ይቅር በይኝ ልጄ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለሽ" አሉ።

የክርስትና እናቴ በክርናቸው ጎሰም አድርገው "መልሺላቸው እንጂ!" አሉኝ። ይቅርታ እየጠየቁኝ መሆኑ ገባኝ። ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። ያም ሆኖ ትልቅ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ማቆየት ነውር ነው፤ ቶሎ መመለስ አለብኝ። በእኛ ቋንቋ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው "ናፍ ዲሲ" ይላል፤ ተዪልኝ እንደማለት ነው። አማርኛውን ፈለግኩ፣ ፈለግኩ። "ይቅር" ያለበት አንድ ቃል አውቃለሁ፤ ያውም ከራሳቸው ከአማቴ የሰማሁት፣ የጨዋ ቃል።

"ይቅርብኝ!" አልኩ፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማልኝ ጮክ ብዬ።

ከዚያ ከሴቶቹ መሀል "እግዚኦ!" የሚል ድምፅ ወጣ። አንድ ሽማግሌ "ኧረ ይቺ ልጅ ምን ዓይነት ጨካኝ ናት!" አሉ። እኔ የተደነቁልኝ መስሎኝ ፈገግ ብዬ ደገምኩት፦ "ይቅርብኝ እማማ! ይቅርብኝ!"

"ዝም በይ አንቺ!" አሉ የክርስትና እናቴ፣ ክንዴን አጥብቀው ይዘው። "ዕርቁ ይቅርብኝ፣ አልፈልግም አልሽ እኮ!"

አልፈልግም! ለካ ቃሉ አልፈልግም ነው። የራሴ ስህተት ገና ሳይሰማኝ ሌላው ተከታትሎ መጣ፤ የጠዋቱ፣ የማታው፣ በሁለት እጄ ያቀረብኩት ሁሉ። ሴቶቹ ለምን እንደሚተያዩ፣ ነጠላቸውን ለምን አፋቸው ላይ እንደሚያደርጉ። እኔ ቅድስት ናቸው እያልኩ ስዞር፣ ከተማው ሁሉ አማቴ የእኔን እጅ እንደሚጸየፉ ያውቅ ነበር። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። መግቢያ ጠፋኝ። እጆቼን የት እንደማደርጋቸው ስለጨነቀኝ ነጠላዬ ውስጥ ደበቅኳቸው።

አማቴ ድንጋዩ እንዳለ አንገታቸው ላይ፣ ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

"አትቆጧት። ቃሉን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እህል ባመጣችልኝ ቁጥር ይቅርብኝ እያልኩ ስመልሳት ኖሬያለሁ። እሷ ጾም መስሏት ቅድስት ናቸው እያለች አወራችልኝ። እሰማ ነበር። እየሰማሁ ዝም አልኩ።" ድምፃቸው ተቆረጠ፤ ሳሉ መጣባቸው። "አሁንስ ደህና አድርጋ መለሰችልኝ።"

ያን ጊዜ አለቀስኩ። ለራሴ ይሁን ለእሳቸው አላውቅም፤ ብቻ የእኔ ሐፍረት በእሳቸው ላይ ሲደረብ ማየት አልቻልኩም። ድንጋዩን ከአንገታቸው አነሳሁት፤ እንደዚያ ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም ነበር። የክርስትና እናቴ በጆሮዬ የነገሩኝን "እግዚአብሔር ይቅር ይበለን" የሚለውን እየተንተባተብኩ አልኩ። ሰሙነ ሕማማት ነውና መሳሳም የለም። ተያየንና ቅዳሴው ሲያልቅ ወደ ቤታችን ሄድን፣ እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ።

ባሌ ወሬው ጣቢያ ድረስ ደርሶት ኖሮ እየሳቀ ገባ። "ምን ብለሽ ነው አገሩ የሚስቀው?" አለኝ።

"አንተ ታውቅ ነበር?" አልኩት በኦሮምኛ። ሳቁ ጠፋ።

"ቤቱ ሰላም እንዲሆን ብዬ ነው..." አለ እግሩን እያየ።

"በእኔ መሳቂያነት ነው የቤትህ ሰላም!" አፌ ያመጣልኝን ሁሉ አወረድኩበት። ሕማማት መሆኑንም ረሳሁት።

ከቅዳሴ በኋላ የሚበላው ጉልባን ምድጃ ላይ ነበር፤ ስንዴና ባቄላ፣ ማለዳ የጣድኩት። እንዴት ልውሰደው? ትናንት ሳላውቅ ነበር የምገባው፤ አሁን አውቄ ልግባ? አልሄድም ብዬ ተቀመጥኩ። ሆዴ ግን እንቢ አለኝ። ቀን በሰው ሁሉ ፊት የተንበረከኩ ሴት ማታ ማዕድ ካልቀረበላቸው ምን ይላሉ? በጣባ ሞልቼ ገባሁ። እንደ ልማዴ ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ አቀረብኩ።

አማቴ ጣባውን ተቀበሉኝ። አማትበው ዘግነው በሉ። ቀስ ብለው አላመጡና "ጨው አንሶታል" አሉ።

ደስታዬ! ሰው ወጥሽ ጥሩ ነው ቢለኝ እንደዚያ አልደሰትም። ጨርሰው ሲያስቀምጡት "ይጨመርልዎት?" አልኳቸው።

"ይቅር..." ብለው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከዚያ ባዶውን ጣባ አንስተው መልሰው ዘረጉልኝ። ጠግበው እንደነበር አውቃለሁ። ጨመርኩላቸው፤ እየከበዳቸው ጨረሱት።

ለትንሣኤ ቆረቡ። ከዚያም በኋላ ሞት በቶሎ አልመጣባቸውም። በኖሩበት ዘመን ሁሉ ያን ቃል ከአፋቸው አልሰማሁም። ሲጠግቡ እንኳ "ትንሽ ቆይቼ" ይላሉ እንጂ አይሉትም። መጨረሻቸው ሲቀርብ ጉሮሯቸው አልወስድ አለ። አጥሚት በማንኪያ ሳቀርብላቸው ዝም ብለው አፋቸውን ከፈቱልኝ። መዋጥ አልቻሉም፤ በጉንጫቸው ይዘው ጠበቁ። ዞር ያልኩ ሲመስላቸው በነጠላቸው ጫፍ ተፉት። አየኋቸው፤ እንዳላየ ሆኜ ሌላ ማንኪያ ሞላሁ።