የማይቃጠሉት እጆች

ጣሂራ የፈላ ገንፎ ያለበትን ሸክላ ድስት ከጉልቻው ላይ በባዶ እጇ ታወርድ ነበር። ከአሶሳ በታች ያለው መንደሯ ደግሞ ነገሩ ሳይገባው ሲቀር «በረካ ነው!» ማለት ይወዳል። በረካ ነው ተባለ።

ጣሂራ ከወንዝ አሸዋ ወርቅ እያጠበች የምታድር፣ ባሏ የሸዋ ጦር በመጣበት ዓመት የሞተባት፣ ሳቂታ ሴት ነበረች። መጀመሪያ ድስቱን በባዶ እጇ ያነሣችው ረስታ ነው። ጎረቤቷ ዓኢሻ ጮኸች። ጣሂራ መዳፏን ገልብጣ አየችና «ምንም አልተሰማኝም» አለች። በማግስቱ መዳፏ ውሃ ቋጠረ፤ እሱም አላመማትም። ፈቂ ኻሚስ፣ በእንጨት ሰሌዳ የጻፉትን የቁርአን ቃል በውሃ አጥበው ለበሽተኛ የሚያጠጡት ሽማግሌ፣ እጇን አገላብጠው «እሳት የራራለት እጅ ነው» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ሆዱን የቆረጠው ሕፃን ሁሉ ወደ እሷ ይመጣ ጀመር። በሰሊጥ ዘይት ታሸዋለች፤ ሕፃኑም ወዲያው ጸጥ ይላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ይቺ ምስኪን ግን መች ደበቀች? አደባባይ አወጣችው፣ እልል ተባለላት። ጣቶቿ ወደ መዳፏ መታጠፍ ሲጀምሩ እንኳ በረካው እንዳይፈስ ጨብጣው ነው አሉ። እንዴት ያለ ጅል መንደር ነው!

አንድ ቀን ከሱዳን በኩል ጨው ጭኖ የመጣ ዓብዱልባሲጥ የሚባል ነጋዴ ቤቷ በእንግድነት ተቀመጠ። ድስቱን በእጇ ይዛ ስትመጣ ሰው ሁሉ እንግዳው ሲደነቅ ለማየት ፊት ፊቱን አየው። እሱ ግን የታጠፉትን ጣቶቿን አየና እጁን ከገበታው ሰበሰበ።

«እኅቴ፣ ይሄ በረካ አይደለም» አላት ቀስ ብሎ። «ቁምጥና ነው። በእኛ አገር ብዙ አይቻለሁ። መጀመሪያ ገላው ላይ ነጣ ያለ ምልክት ያወጣል፤ እዚያ ላይ ቢወጉት አያምም። ልጅ አለሽ?»

መልሷን ሳይጠብቅ አህያውን ሊጭን ወጣ።

ልጅ ነበራት። ዐፊፋ፣ ማሽላው ሲታጨድ ልትዳር የታጨች፣ አንድያ ልጇ። ትከሻዋ ላይ የነጣች ነገር ነበረች፤ እናቷ ቋቁቻ መስላት ዘይት ስትቀባት ከርማለች።

ጣሂራ ልጅቷን ደጅ ፀሐይ ላይ አስቀመጠቻት። «ትከሻሽን እሾህ ወግቶሻል፣ ላውጣልሽ» አለቻት። «ትንሽ ያማል። ሲያምሽ ጩኺ እሺ?»

«እሺ፣ እማ።»

ረጅም የግራር እሾህ በታጠፉት ጣቶቿ መሃል እንደምንም ያዘች። ያ ረቢ፣ ትጩህብኝ፣ ትስደበኝ፣ አለች በልቧ፤ ልጇን እንዲያማት እንዲህ አጥብቃ የለመነች እናት አላውቅም። ከዚያ ወጋች።

ዐፊፋ ስለ ሠርጓ ታወራለች። ማን ከበሮ እንደሚመታ፣ አክስቷ ምን ጨሌ እንደምትሰጣት። እናቷ እሾሁን ገፋችው። ደሙ በጀርባዋ ወረደ። ልጅቷ ወሬዋን ጨርሳ ትከሻዋን አመቻቸችና ዞር ሳትል ጠየቀች፤

«እማ፣ መቼ ነው የምትጀምሪው?»